ከዲኤንኤ አሻራ መረጃ የረቂቅ ተሕዋስያንን ማኅበረሰብ መተንተኛ ሶፍትዌሮች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው ሰው አንድ ዓይነት ነው። ናሙናውን ሰብስቦ፣ ዲኤንኤውን አውጥቶ፣ ፒሲአሩን ሠርቶ፣ ከማሽኑ የወጡትን በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎች ኮምፒውተሩ ላይ ካስቀመጠ በኋላ «አሁንስ ከየት ልጀምር?» የሚል ሰው ነው። እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

«የዲኤንኤ አሻራ» ሲባል ወንጀል ምርመራ ላይ የሚሠራበት ነው?

አይደለም። ስሙ ይመሳሰላል እንጂ ጥያቄው ሌላ ነው። በወንጀል ምርመራ የሚፈለገው አንድ ግለሰብ ነው። እዚህ ግን አሻራው የአንድ ሙሉ ማኅበረሰብ ነው። በአፈሩ ወይም በውኃው ናሙና ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ዲኤንኤ በአንድነት ይወጣል። ከዚያም ሁሉም የሚጋሩት አንድ ጂን፣ በአብዛኛው የ16ኤስ ራይቦሶም አርኤንኤ ጂን፣ በፒሲአር ይባዛል። የተባዛው ድብልቅ በርዝመቱ ወይም በቤዞቹ (በዲኤንኤው ፊደላት) ቅንብር ተለያይቶ ሲታይ የሚሰጠው ቅርጽ የማኅበረሰቡ አሻራ ይባላል።

ዘዴዎቹ ብዙ ናቸው። በ1993 ለረቂቅ ተሕዋስያን ማኅበረሰብ ጥናት የዋለው ዲጂጂኢ ርዝመታቸው እኩል የሆኑ ቁርጥራጮችን ዩሪያና ፎርማማይድ እየጨመረ በሚሄድበት ጄል ውስጥ ያስኬዳል፤ እያንዳንዱም እንደ ቅንብሩ የተለያየ ቦታ ላይ ይቆማል። በ1997 የተስፋፋው ቲ-አርኤፍኤልፒ ደግሞ ፕራይመሩን (ፒሲአሩ ማባዛት የሚጀምርበትን አጭር ዲኤንኤ) በፍሎረሰንት ቀለም ቀብቶ ያባዛና የተባዛውን በቆራጭ ኢንዛይም ይከታትፋል፤ ማሽኑ የሚያየው ቀለም ያለበትን የጫፍ ቁራጭ ብቻ ነው። በ1999 የመጣው አሪሳ ኢንዛይም አይጠቀምም። በ16ኤስና በ23ኤስ ጂኖች መካከል ያለው ክፍል በተፈጥሮው ከባክቴሪያ ባክቴሪያ ስለሚረዝምና ስለሚያጥር ርዝመቱን ብቻ ይለካል። ከዚህ በታች ያለው በአብዛኛው ስለ ቲ-አርኤፍኤልፒና ስለ አሪሳ ነው፤ ሶፍትዌር በብዛት የተሠራው ለእነሱ ነውና።

ማሽኑ የሚሰጠኝ ፋይል ውስጥ ምንድን ነው ያለው?

የካፒላሪ ኤሌክትሮፎሬሲስ ማሽኖች (ዲኤንኤን በቀጭን ቱቦ ውስጥ በኤሌክትሪክ እየሳቡ በርዝመቱ የሚለዩት) በብዛት የሚያወጡት ኤፍኤስኤ የሚባል ፋይል ነው። ውስጡ ያለው የእያንዳንዱ ቀለም ብርሃን በጊዜ ሂደት ሲወጣና ሲወርድ የተመዘገበበት ጥሬ መስመር ነው። መስመሩ ላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ጉብታ ላብራቶሪ ውስጥ ፒክ የምንለው ነው። ከናሙናው ጋር አብሮ የሚሮጥ፣ ርዝመቱ የታወቀ የመለኪያ ዲኤንኤ በሌላ ቀለም ይጨመራል። ሶፍትዌሩ የናሙናውን ፒኮች ከዚህ መለኪያ ጋር እያነጻጸረ ጊዜውን ወደ ቤዝ ይቀይረዋል። በስተመጨረሻ የሚያገኙት ሠንጠረዥ ለእያንዳንዱ ፒክ ርዝመቱን በቤዝ፣ ቁመቱንና ስፋቱን (ከፒኩ መስመር ሥር ያለውን ጠቅላላ ቦታ) ይይዛል።

ሠንጠረዡን ካወጣሁ ጥሬው ፋይል ምን ይሠራልኛል ብለው እንዳያጠፉት። የመለኪያው አንድ ፒክ በስህተት ተለይቶ ከሆነ ከሱ በኋላ ያለው ርዝመት ሁሉ ይዛባል፤ ይህን የሚያርሙት ከጥሬው ፋይል ብቻ ነው። መለኪያው የማይሸፍነውን ክልልም አይመኑ። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት ሎካል ሳውዘርን የተባለው የስሌት መንገድ ለእያንዳንዱ ፒክ በግራና በቀኝ ያሉ አራት የመለኪያ ነጥቦችን ይፈልጋል። ስለዚህ የመለኪያው ጫፎች አካባቢ ያለ ርዝመት እርግጠኛ አይሆንም። እስከ 500 ቤዝ ብቻ በሚደርስ መለኪያ «የ610 ቤዝ ፒክ አገኘሁ» ማለት አይቻልም።

ከጥሬው ፋይል እስከ መጨረሻው ሥዕል ስንት ሶፍትዌር ያስፈልገኛል?

ሥራው ሦስት እርከን አለው፤ ሦስቱንም አሟልቶ የሚሠራ አንድ ሶፍትዌር መፈለግ ብዙ ጊዜ ያደክማል።

የመጀመሪያው እርከን ጥሬውን መስመር ወደ ፒክ ሠንጠረዥ መቀየር ነው። ጂንማፐርና ፒክ ስካነር የታወቁት ናቸው፤ ፒክ ስካነር በነጻ የሚገኝ ነው። አር በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለሚሠሩ ፍራግማን የሚባለው ጥቅል ኤፍኤስኤ ፋይልን አንብቦ ርዝመት ይለካል። ባዮፓይተንም ፋይሉን መክፈት ይችላል፤ የርዝመቱን ስሌት ግን ራስዎ ይጽፋሉ።

ሁለተኛው እርከን ሰዎች ቸኩለው የሚያልፉት ነው፤ እኔ ግን ከሁሉም አብልጬ የማስብበት እሱን ነው። ኖይዙን (ከዲኤንኤው ያልመጡ ሐሰተኛ ጉብታዎችን) ማጥራት፣ የተለያዩ ናሙናዎችን ፒኮች ጎን ለጎን ማሰለፍና አንድ የጋራ ሠንጠረዥ መሥራት እዚህ ይገባል። ቲ-አላይን በ2005፣ ራይቦሶርት በ2008፣ ቲ-ሬክስ በ2009 ለዚህ የወጡ ናቸው። ከኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የወጣው ቲ-ሬክስ በድረ ገጽ ላይ የሚሠራ ሲሆን ማጥራቱንም፣ ማሰለፉንም፣ አሚ የተባለውን ስታቲስቲካዊ ትንተናም በአንድ ላይ ይዞ ነበር የመጣው።

ሦስተኛው ስታቲስቲክስ ነው። በአር ውስጥ ያለው ቪጋን፣ ከኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ነጻው ፓስት፣ እንዲሁም የሚሸጠው ፕራይመር በብዛት ያገለግላሉ። ፕራይመር የተባለው ሶፍትዌር ከፒሲአሩ ፕራይመር ጋር የስም እንጂ የሥራ ዝምድና የለውም፤ ሪፖርት ሲጽፉ አንባቢ እንዳይደናገር ለይተው ይጥሩት።

አንድ ፒክ አንድ ዝርያ ማለት ነው?

አይደለም። የሚዛመዱም የማይዛመዱም ባክቴሪያዎች ያው ኢንዛይም እኩል ቦታ ላይ ሊቆርጣቸው ይችላል፤ ያኔ ሁሉም አንድ ፒክ ውስጥ ይደራረባሉ። የተገላቢጦሹም አለ። አንድ ባክቴሪያ የራይቦሶም ጂኑ ብዙ ቅጂ ሊኖረው ይችላል፤ ኢ. ኮላይ 7 አለው። ቅጂዎቹ ትንሽ ከተለያዩ ያው ባክቴሪያ ሁለትና ሦስት ፒክ ይሰጣል። በአሪሳ ይህ ይብስበታል፤ በጂኖቹ መካከል ያለው ክፍል ከራሱ ከጂኑ ይልቅ ከቅጂ ቅጂ ይለያያልና።

ስለዚህ ፒክን «ዝርያ» ብለው አይጥሩት። ፒክ ይበሉት ወይም ቁራጭ። አንዴ ስሙ ከተሳሳተ ትንተናውም ውይይቱም እሱን ተከትሎ ይሳሳታል።

ኖይዝን ከእውነተኛ ፒክ እንዴት ልለየው?

ቀላሉ መንገድ የቁመት ገደብ ነው፤ ለምሳሌ ከ50 የፍሎረሰንስ አሃድ በታች ያለውን መጣል። ችግሩ ሁሉም ናሙና እኩል ዲኤንኤ ይዞ አለመሮጡ ነው። ብዙ ዲኤንኤ የገባበት ናሙና ጥቃቅን ፒኮቹ ሁሉ ከገደቡ በላይ ይወጡለታል፤ ጥቂት የገባበት ደግሞ እውነተኛ ፒኮቹን ሳይቀር ያጣል። ከዚያ በኋላ «ይህ ናሙና ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ አለው» ቢሉ የሚያወሩት ስለ ፒፔትዎ እንጂ ስለ ማኅበረሰቡ አይደለም።

ቲ-ሬክስ የያዘው የተሻለ መንገድ አለ። የሁሉም ፒኮች መደበኛ ልይይት፣ አማካዩ ዜሮ እንደሆነ ተቆጥሮ፣ ይሰላል። ከዚህ ልይይት በተወሰነ እጥፍ የሚበልጡ ፒኮች እውነተኛ ተብለው ይወጣሉ፤ የቀሩት ላይ ስሌቱ ይደገማል፤ የሚወጣ ፒክ ሲጠፋ የቀረው ኖይዝ ነው። ዘዴው ያምራል፤ እጥፉን ሲመርጡ ግን ያስቡበት። ስሌቱ በአንድ ናሙና ላይ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ትልቁ ፒክ ከልይይቱ የሚበልጥበት እጥፍ ከፒኮቹ ቁጥር ስኩዌር ሩት አያልፍም። 9 ፒክ ብቻ ያለውን ናሙና በ3 እጥፍ ቢያጣሩት አንድም ፒክ አይተርፍዎትም። 100 ፒክ ላለው ናሙና የሚሠራው ቁጥር ለ9 ፒክ ናሙና አይሠራም።

ከስሌቱ በፊት በዓይን መታየት ያለባቸው ነገሮችም አሉ። ከ50 ቤዝ በታች ያለው በአብዛኛው የፕራይመር ቅሪት ስለሆነ ይጣል። ማሽኑ ከሚችለው በላይ የበራ ፒክ አናቱ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብርሃኑም ወደ ሌላው ቀለም ይፈስና እዚያ የሌለ ፒክ ይፈጥራል። በመለኪያው ቀለም ላይ በትክክል በናሙናው ትልቅ ፒክ ቦታ አንድ ትርፍ ጉብታ ካዩ ይህን ይጠርጥሩ። መፍትሔው ናሙናውን አቅጥኖ እንደገና ማስሮጥ ነው፤ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነ ፒክን የሚያርም ሶፍትዌር የለም።

ፒኮችን ማሰለፍ ምን ያስቸግራል? ርዝመቱን ወደ ሙሉ ቁጥር ባጠጋጋውስ?

ማጠጋጋቱን ነው የማልመክረው። ያው ቁራጭ በሁለት ሩጫ ትንሽ የተለያየ ርዝመት ይነበባል፤ የሙቀት፣ የጄሉና የካፒላሪው ሁኔታ ይለዋወጣል። እንበል በሦስት ናሙናዎች 142.3፣ 142.6 እና 143.0 ቤዝ ተነበበ። ካጠጋጉት የመጀመሪያው 142 ይሆንና ብቻውን ይቀራል፤ ሁለቱ 143 ይሆናሉ። ከትንሹ ተነሥቶ በ0.5 ቤዝ ውስጥ ያለውን በአንድ የሚሰበስብ ስልት ከመረጡ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይጣመሩና ሦስተኛው ይለያል። እያንዳንዱን ከቅርብ ጎረቤቱ ጋር የሚያያይዝ ስልት ቢጠቀሙ ሦስቱም አንድ ላይ ይሆናሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 0.3 እና 0.4 ነውና።

ሦስት ስልት ሦስት የተለያየ ሠንጠረዥ ሰጠ፤ ናሙናው ግን አልተለወጠም። በኋላ የሚመጣው ስታቲስቲክስ ምንም ያህል የረቀቀ ቢሆን እዚህ የተወሰነውን መልሶ አያይም።

ታዲያ ስንት ቤዝ ልምረጥ? መልሱ በራስዎ መረጃ ውስጥ ነው። አንድ ናሙና አራትና አምስት ጊዜ ያስሩጡና ያው ፒክ በስንት ቤዝ እንደሚዋዥቅ ይዩ፤ የመዋዠቁ ስፋት የመስኮትዎ፣ ማለትም ርዝመቶች እንደ አንድ ፒክ የሚቆጠሩበት ክልል፣ ስፋት ነው። የቲ-ሬክስና የቲ-አላይን የተለመደ መነሻ 0.5 ነው። ለአጫጭር ቁራጮች ይህ ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ ርዝመቱ ሲጨምር ግን ንባቡ ይላላል። አሪሳ ላይ ቁራጮቹ እስከ 1,000 ቤዝና ከዚያም በላይ ስለሚረዝሙ አንድ ጠባብ መስኮት ለሁሉም አይበቃም። ለአጫጭሮቹ ጠባብ፣ ለረጃጅሞቹ ሰፋ ያለ መስኮት ይጠቀሙ። ከዚያ ትንተናውን በሁለትና በሦስት የተለያየ መስኮት ይድገሙት። መደምደሚያው በመስኮቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ገና መደምደሚያ አላገኙም።

የፒክ ቁመት ልጠቀም ወይስ ስፋት?

ስፋት። ረጃጅም ቁራጮች ማሽኑ ውስጥ ሲጓዙ ስለሚዘረጉ ፒካቸው ዝቅ ብሎ ይሰፋል፤ ቁመትን ብቻ ካዩ ይበደላሉ። ፒኮች ተጠጋግተው የተደራረቡበት ናሙና ላይ ግን የስፋቱ ድንበር ስለማይታወቅ ቁመት የሚመረጥበት ጊዜ አለ። ሁለቱን ግን በአንድ ጥናት ውስጥ አይቀላቅሉ።

ኖርማላይዝ ማድረግ ግድ ነው?

አዎ። ናሙናዎቹ የተለያየ መጠን ዲኤንኤ ይዘው ስለሮጡ ጥሬ ስፋታቸው አይነጻጸርም። የተለመደው እያንዳንዱን ፒክ ለናሙናው ጠቅላላ ስፋት አካፍሎ በመቶኛ ማስቀመጥ ነው። ኖይዙን ከማጥራትዎ በፊት ሳይሆን ካጠሩ በኋላ ያድርጉት፤ አለዚያ የኖይዙ ድምር ከእውነተኞቹ ድርሻ ይሻማል።

መቶኛ ግን አንድ ነገር አይፈታም። ደካማው ናሙና ጥቃቅን ፒኮቹን አስቀድሞ አጥቷል፤ በመቶኛ ቢገለጽም አይመለሱለትም። ስለዚህ ጠቅላላ ስፋታቸው ከሌሎቹ እጅግ የራቀ ናሙናዎችን ማስሮጡን መድገም ይሻላል። መድገም ካልተቻለም ከትንተናው ማውጣትና ያወጡበትን ምክንያት መጻፍ ነው።

የትኛውን የርቀት መለኪያና የትኛውን ፈተና ልጠቀም?

የብሬይ-ከርቲስ ርቀት ለአሻራ መረጃ በደንብ ይሠራል። አሠራሩን በእጅ አንዴ ማስላት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። በአንድ ናሙና ሦስት ፒኮች 50፣ 30 እና 20 በመቶ፣ በሌላው ደግሞ 30፣ 30 እና 40 በመቶ ናቸው እንበል። ልዩነቶቹ 20፣ 0 እና 20 ናቸው፤ ድምራቸው 40። የሁለቱ ናሙናዎች ጠቅላላ 200 ነው። 40 ለ200 ሲካፈል 0.20፤ ርቀታቸው ይህ ነው። ዜሮ ማለት ፍጹም አንድ ዓይነት፣ 1 ማለት አንድም የጋራ ፒክ የሌላቸው ነው። በዚህ ስሌት ሁለቱም ናሙናዎች ያጡት ፒክ ምንም ቁጥር አይጨምርም፤ ይህም ትክክል ነው። ሁለት ናሙናዎች አንድን ፒክ ስላጡ ብቻ ይመሳሰላሉ አይባልምና። የተለመደው የዩክሊድ ርቀት ባልተለወጠ መረጃ ላይ የሚያሳስተው እዚህ ነው፤ ምንም የጋራ ፒክ የሌላቸውን ናሙናዎች የጋራ ካላቸው ይበልጥ የቀረቡ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል።

ሌላው ጥሩ ምርጫ የሄሊንገር ለውጥ ነው። የእያንዳንዱ ፒክ ድርሻ ስኩዌር ሩት ይወሰዳል። የ64 በመቶና የ1 በመቶ ፒክ መካከል የነበረው 64 እጥፍ ልዩነት ወደ 8 እጥፍ ይወርዳል። ትልልቆቹ ፒኮች ሥዕሉን ብቻቸውን እንዳይዙት ያደርጋል።

ርቀቱ ከተሰላ በኋላ ናሙናዎቹን በሁለት ገጽታ ሥዕል ላይ ለማየት ኤንኤምዲኤስ ይበጃል። ሥዕሉ ከተሰላው ርቀት ምን ያህል እንደራቀ የሚናገረውን፣ ከሥዕሉ ጋር የሚመጣውን ስትሬስ የሚባል ቁጥር ሳይጽፉ ሥዕሉን አያውጡ። ከ0.2 በላይ ከሆነ የነጥቦቹን አቀማመጥ ብዙ ማመን አይገባም። ቡድኖች መለያየታቸውን የሚፈትነው ፐርማኖቫ በ2001 የቀረበ ሲሆን ቪጋን ውስጥም ይገኛል። ፐርማኖቫ «ይለያያሉ» ሲልዎት ግን ልዩነቱ የቦታ ነው ወይስ የመበታተን የሚለውን ለብቻው ይፈትኑ። አንዱ ቡድን የተሰበሰበ፣ ሌላው የተበተነ ከሆነ መካከለኛ ቦታቸው አንድ ሆኖም ፈተናው ልዩነት ሊያሳይ ይችላል።

የሻነን ኢንዴክስን (ብዝኃነትን በአንድ ቁጥር የሚገልጸውን ስሌት) አሰላሁ። የማኅበረሰቡ ብዝኃነት ነው ልበል?

አይበሉ። ይህ በአሻራ ጥናቶች ውስጥ ከሁሉም የበለጠ የሚያሳዝነኝ ልማድ ነው። ጥሩ የተሠራ ሥራ በመጨረሻው ሠንጠረዥ የማይችለውን ይናገራልና። አፈር ውስጥ ያሉት የባክቴሪያ ዓይነቶች በሺህ የሚቆጠሩ ሲሆኑ አሻራው የሚያሳየው አሥሮችን፣ ቢበዛ ጥቂት መቶዎችን ነው። ዲጂጂኢ ላይ ከማኅበረሰቡ 1 በመቶ ያህል የማይሞላ ባክቴሪያ በአብዛኛው አይታይም። የሚታዩት ብዙዎቹ ብቻ ናቸው፤ ብርቅዬዎቹ፣ ማለትም የብዝኃነቱ ትልቁ ክፍል፣ ከገደቡ በታች ቀርተዋል። በ2007 የወጡ ጽሑፎች ይህን በስሌትና በማስመሰል ሞዴል በግልጽ አሳይተዋል።

የአሻራ ጉልበቱ ማነጻጸር ላይ ነው። ይህ ማኅበረሰብ ከዚያኛው ይለያል? ከወር ወር ተለውጧል? ለውጡ ከአሲድነቱ ጋር ይሄዳል? እነዚህን በአስተማማኝ ይመልሳል። «ስንት ዝርያ አለ?» ለሚለው ግን የሚያቀርበው ቁጥር የማኅበረሰቡ ሳይሆን የዘዴው ነው።

ሶፍትዌሩ ፒኩ የየትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ይነግረኛል?

ጥቆማ ይሰጣል፤ ማስረጃ አይሰጥም። ከአይዳሆ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ሚካ የፕራይመርና የኢንዛይም ስም ተቀብሎ በውሂብ ቋቱ ካሉት የዲኤንኤ ቅደም ተከተሎች (ቤዝ በቤዝ ከተነበቡ ጂኖች) የትኛው በየት እንደሚቆረጥ ያሰላ ነበር። ትራይፍል ይህን በራስዎ ቅደም ተከተሎች ላይ እንዲሠሩ ይፈቅዳል። በአር የተጻፈው ትራምፕአር የታወቁ ናሙናዎችን አሻራ በብዙ ኢንዛይም ይዞ ካልታወቀው ጋር ያዛምዳል።

ሁለት እንቅፋቶች አሉ። አንደኛው በስሌት የተገኘው ርዝመትና ማሽኑ የሚያነበው እኩል አለመሆናቸው ነው። ልዩነቱ ጥቂት ቤዞች ሊደርስ ይችላል፤ እንደ ቁራጩ ርዝመትና እንደ አዴኒንና ጓኒን ብዛቱም ይለያያል። በመለኪያውና በናሙናው ላይ ያሉት ቀለሞችም ፍጥነታቸው የተለያየ ነው። በትክክል 142 የሚል ቅደም ተከተል ፈልጎ ማግኘት ምንም አያረጋግጥም። ሁለተኛው ሐሰተኛ ቁራጭ ነው። በፒሲአር ወቅት በከፊል ነጠላ ሰንሰለት ሆኖ የቀረ ዲኤንኤ የመጀመሪያው መቁረጫ ላይ አይቆረጥም፤ ኢንዛይሙ ድርብ ሰንሰለት ይፈልጋልና። ስለዚህ ቀጣዩ መቁረጫ ላይ ተቆርጦ የየትኛውም ባክቴሪያ ያልሆነ ፒክ ይወጣል። ከመቁረጡ በፊት ነጠላ ሰንሰለት በሚበላ መንግ ቢን ኑክሊየዝ ማጽዳት ይረዳል።

ማንነቱን ማወቅ የግድ ከሆነ ከዚያው ናሙና ቅደም ተከተል ያስነብቡና የተገኘውን በዚያው ማሽን፣ በዚያው ቀለም ያስሩጡት። ቢያንስ በሁለትና በሦስት ኢንዛይም፣ ለምሳሌ ሲሲጂጂን በሚቆርጠው ኤምኤስፒ-1 እና ጂሲጂሲን በሚቆርጠው ኤችኤችኤ-1፣ ከተገጣጠመ ያኔ ስም መጥራት ይቻላል።

በእጄ ያለው የዲጂጂኢ ጄል ፎቶ ብቻ ነው። ሊተነተን ይችላል?

ይችላል፤ ጄልኮምፓርና ባዮኑመሪክስ ለዚህ የታወቁ ነበሩ፤ ነጻው ኢሜጅጄም የባንዶችን ጥንካሬ ይለካል። በየጄሉ መሃልና ጫፍ ላይ የታወቀ መለኪያ ካልሮጠ ግን ሁለት ጄሎችን አያነጻጽሩ። ግራዲየንቱ (ዩሪያውና ፎርማማይዱ እየጨመሩ የሚሄዱበት ልክ) በየጊዜው በእጅ ስለሚፈስስ አንዱ ጄል ከሌላው ፈጽሞ አይገጥምም።

ኤክሴል አይበቃኝም?

ለ10 ናሙና ይበቃዎት ይሆናል። ለ100 ናሙና ፒክ በእጅ ማሰለፍ የሳምንታት ሥራ ነው፤ የት እንደተሳሳቱም ማንም፣ እርስዎም ጭምር፣ መልሶ ማግኘት አይችልም።

ስንት ድግግሞሽ ያስፈልጋል?

ሁለቱን የድግግሞሽ ዓይነቶች ይለዩ። ያንኑ ዲኤንኤ ሦስት ጊዜ ማስሮጥ የዘዴውን አስተማማኝነት ይነግርዎታል፤ ቲ-አላይንም የሚሠራው ድግግሞሾቹን አነጻጽሮ በሁሉም የታየውን ፒክ በማስቀረት ነው። ስለ ማኅበረሰቡ የሚነግርዎት ግን ከተለያየ ቦታ የተወሰደ ራሱን የቻለ ናሙና ነው። ሦስቱን ሩጫ እንደ ሦስት ናሙና ቆጥሮ ፐርማኖቫ ውስጥ ማስገባት ቁጥሩን ያሳምራል እንጂ እውነት አይጨምርም።

አንድ ነገር ከራሴ ልጨምር። በአንድ ሥራ ላይ የሁለት ዓይነት አያያዝ ናሙናዎች በሥዕሉ ላይ በግልጽ ተለያይተው ወጡልኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። መዝገቡን ሳገላብጥ የአንዱ ቡድን ናሙናዎች በሙሉ በአንድ ቀን፣ የሌላው በሙሉ በሌላ ቀን ሮጠው ነበር። ደባልቄ እንደገና ሳስሮጣቸው ልዩነቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ የናሙናዎቹን ቅደም ተከተል ሳልበትን፣ በየሩጫውም አንድ ያው የማነጻጸሪያ ናሙና ሳላስገባ ማሽን አላስነሣም። ይህን ሶፍትዌር አይቶ ሊያስጠነቅቅዎት አይችልም፤ የሩጫውን ቀን እንደ አንድ ተለዋዋጭ ሠንጠረዡ ውስጥ ካስገቡለት ግን ይፈትንልዎታል።

የምጠቀምበት የድረ ገጽ መሣሪያ ቢዘጋስ?

ይህ የሚያጋጥም ነው። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ከ2000 እስከ 2009 ባለው ጊዜ በዩኒቨርሲቲ ሰርቨሮች ላይ የተሠሩ ናቸው፤ ሰርቨሩ ሲዘጋ መሣሪያውም አብሮ ይሄዳል። ጥናትዎን ከመጀመርዎ በፊት ይሠራ እንደሆነ ይፈትሹ። ለረጅም ጊዜ የሚቀጥል ክትትል ካለዎት ደግሞ ማጥራቱንና ማሰለፉን በአር ወይም በፓይተን ጽፈው ከመረጃው ጋር ያስቀምጡ። ከላይ የተገለጹት ስልቶች ከጥቂት አሥር መስመሮች አይበልጡም። የወጡበት ጽሑፍ ስልቱን ስለሚገልጽ መሣሪያው ቢጠፋም ሐሳቡ አይጠፋም።

አሁን ሁሉም ቅደም ተከተል በሚያነብበት ዘመን አሻራ ምን ይሠራል?

የባክቴሪያዎቹ ማንነት ካስፈለገዎት፣ ብርቅዬዎቹን ማየት ከፈለጉ፣ ቅደም ተከተል ያስነብቡ፤ አያመንቱ። አሻራ አሁንም ቦታ ያለው ጥያቄው «ተለወጠ ወይስ አልተለወጠም?» ሲሆንና ናሙናው ብዙ ሲሆን ነው። የቆሻሻ ውኃ ማጣሪያን ወይም የባዮጋዝ ማብላያን በየሳምንቱ መከታተል አንዱ ነው። ከ500 ናሙና ውስጥ ለንባብ የሚላኩትን 40 ለመምረጥም ያገለግላል፤ አሻራቸው የሚመሳሰሉትን ሁሉ ማስነበብ ትርፉ ትንሽ ነው። ሦስተኛው የቆየ መረጃ ነው። ናሙናው ያለቀ፣ አሻራው ግን የቀረ ብዙ ጥናት አለ። ጥሬው ፋይል ካልጠፋ ዛሬ በተሻለ መንገድ አጥርቶና አሰልፎ እንደገና መተንተን ይቻላል።

ጽሑፌ ውስጥ ስለ ትንተናው ምን ምን ልግለጽ?

ሌላ ሰው ከጥሬ ፋይልዎ ተነሥቶ እርስዎ ያገኙትን ሠንጠረዥ እንዲያገኝ የሚያስችለውን ሁሉ። የሶፍትዌሩን ስምና ስሪት፣ የመለኪያውን ዓይነት፣ የተጠቀሙበትን የርዝመት ክልል፣ የኖይዝ ማጥሪያውን ስልትና ቁጥር፣ የማሰለፊያውን መስኮት፣ ቁመት ይሁን ስፋት፣ ኖርማላይዝ ያደረጉበትን መንገድ፣ የርቀቱን መለኪያ ይጻፉ። ለፈተናው ናሙናዎቹ በቡድኖቹ መካከል በዘፈቀደ ስንት ጊዜ እንደተበወዙ፣ ስንት ናሙና እንደተጣለና ለምን እንደተጣለም ይጨምሩ። «መረጃው በቲ-ሬክስ ተተንትኗል» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ የያዘ ጽሑፍ ለግምገማ ሲደርሰኝ እመልሰዋለሁ፤ ከላይ እንዳየነው 0.5ን ወደ 1.0 መቀየር ብቻ ሌላ ሠንጠረዥ ይሰጣልና። ኤፍኤስኤ ፋይሎቹንም ለሕዝብ ክፍት በሆነ የመረጃ ማከማቻ ያስቀምጡ፤ እያንዳንዱ ፋይል ከየትኛው ናሙናና ከየትኛው የሩጫ ቀን እንደሆነ የሚናገረውን ዝርዝር አብረው ያያይዙ።